ለበርበሬ የተፈጠረው ወይን

ዶሮ ወጥና አክሱሚት! ሁለቱን አንድ ላይ ያልቀመሰ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እቀናበታለሁ፤ ያ የመጀመሪያው ጉርሻና የመጀመሪያው ፉት ገና ከፊቱ ነዋ። በከተማችን በዓለም ከተማ ሱቆች ውስጥ ከቢራውና ከለስላሳው ኋላ ቆሞ የሚታየው ያ ጣፋጭ ቀይ ወይን፣ ለሠርግና ለልደት ካልሆነ ከመደርደሪያው የማይወርደው፣ «እሱማ ስኳር ነው» ተብሎ የሚታለፈው፣ በርበሬ ሲያገኝ ሌላ መጠጥ ይሆናል። ሽንኩርቱ በደንብ የተቁላላ፣ ቅቤው የጠለለ፣ ግንባር የሚያላብ የመርሐቤቴ ዶሮ ወጥ ይቅረብና አጠገቡ ቀዝቀዝ ያለ አክሱሚት ይቀዳ። መጀመሪያ ቃጠሎው ይበርዳል፤ ቀጥሎ በቃጠሎው ተሸፍኖ የነበረው ሁሉ፣ ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ የቅቤው ሽታ፣ አንድ በአንድ ብቅ ይላል። የወይኑ ጣፋጭነትም ይጠፋል! ብቻውን ሲጠጣ ያሰለች የነበረው ስኳር የት እንደገባ አይታወቅም፤ የሚቀረው ፍሬው ብቻ ነው።

ምክንያቱ ደግሞ የታወቀ ነው። በርበሬን የሚያፋጅ የሚያደርገው ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። አልኮሉ የበረታ ወይን ፍጅቱን ይቀሰቅሰዋል፤ ከወይን ፍሬው ልጣጭና ዘር የሚወጣው፣ ድድ የሚያጨማድደው ታኒንም ያባብሰዋል። ስኳርና ቅዝቃዜ ግን ያለዝቡታል። ስለዚህ የፈረንሳይ ሰው በተጠበሰ ሥጋ የሚያጣጥመው ደረቅና ጠንካራ ቀይ ወይን ከእኛ ቀይ ወጥ ጋር ሲገጥም ወጡም ይመርራል፣ ወይኑም ይጎመዝዛል። ዋጋው ሦስት እጥፍ ቢሆን ለውጥ የለውም! ከውጭ የመጣ፣ ቀረጥና ኤክሳይዝ ታክስ የተጫነበት ውድ ጠርሙስ በዶሮ ወጥ ፊት በርካሹ አክሱሚት ይሸነፋል። ይህን ሳስብ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ ለገበታችን የሚስማማው ወይን አቅማችን የሚችለው ወይን ነውና።

አያቶቻችን መቼም ሳይንሱን ሳይማሩ ደርሰውበታል። ጠጅ ከዶሮ ወጥ ጋር ያለ ምክንያት አልተጋባም፤ ማሩ ቃጠሎውን ያስታግሳል፣ የጌሾው ምሬት ደግሞ ጣፋጩ እንዳይሰለች ይጠብቀዋል። ዛሬ ንጹሕ የማር ጠጅ ዋጋው የማይቀመስ ሆኗል፤ ርካሹ ጠጅ አብዛኛውን ጊዜ በስኳር የተጣለ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠጅ ሲጥሉ የኖሩ ጎረቤታችንን በዓል ቀን «እትዬ፣ እስቲ ይቺን ከወጡ ጋር ይቅመሱልኝ» ብዬ አክሱሚት ቀዳሁላቸው። ጎረሱ፣ ፉት አሉ፣ ትንሽ ዝም አሉና «ውይ ልጄ! ይሄማ የጠጅ ዘመድ ነው» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

አክሱሚት የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ምርት ነው፤ ፋብሪካው ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ሲጠምቅ የኖረ ነው። ጉደር የተባለው ደረቅ ቀይ ወይንም የእሱው ነው፤ ክሪስታል የተባለው ደረቅ ነጭም እንዲሁ። ሌላው ጠማቂ ካስትል ሲሆን፣ ባቱ (ዝዋይ) አጠገብ በ1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከፈረንሳይ የመጡ የወይን ችግኞችን ተክሎ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች በ2006 ዓ.ም. ለገበያ አቅርቧል። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት እርሻውን በቦይ አስከብቦታል፤ ወይኑን ስጠጣ ይህን ማሰብ እወዳለሁ! ከካስትል ለቀይ ወጥ የምመርጠው መለስተኛ ጣፋጩን አካሽያ ነው። ጣፋጭነቱ ከአክሱሚት ያነሰ ስለሆነ ለምስር ወጥና ለሥጋ ወጥ በጣም ይስማማል፤ በሽሮ ደግሞ፣ በተለይ በርበሬው በዛ ባለ ሽሮ፣ ተራውን የማክሰኞ ራት ግብዣ ያደርገዋል።

ደረቁን ወይንስ? እሱም ቦታ አለው፣ ቦታው ግን አልጫና ጥብስ ነው። በሮዝመሪና በሽንኩርት ብቻ የተጠበሰ፣ አዋዜ ያልነካው የበግ ጥብስ ከጉደር ጋር ግሩም ነው፤ ያ በወጥ ላይ ጠላት የነበረው ታኒን እዚህ ስቡን ጠርጎ አፍን ለሚቀጥለው ጉርሻ ያዘጋጃል። የጀማ ወንዝ ዓሣ ወደ ከተማችን የወጣ ዕለት ደግሞ ክሪስታል ይቀዝቅዝ! ሎሚ የተጨመቀበት የዓሣ ጥብስና ያ ኮምጠጥ ያለ ነጭ ወይን፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ወሬ የለም።

ቅዝቃዜው ላይ አደራ። ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም የሚለው ሕግ ለጣፋጭ ቀይ አይሠራም። ፍሪጅ ያለው አንድ ሰዓት ያህል ያስገባው፤ የሌለውም አይጨነቅ፣ የዓለም ከተማ ምሽት ራሱ ቀዝቃዛ ነው። ጠርሙሱን በረንዳ ላይ አቁሞ ወጡ እስኪሞቅ መጠበቅ ነው። ቆላ የሚኖር ዘመድ ያለው ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ላይ ያስቀምጥለት፤ ውሃው ሲተን ያቀዘቅዘዋል። የተረፈውን መልሶ ከድኖ ቀዝቃዛ ቦታ ማቆየት ይቻላል፤ ጣፋጩ ከደረቁ የተሻለ ይቆያል፣ ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ለባልና ሚስት የሁለት የሦስት ቀን ራት ይሆናል። ዋጋውን ለየብርጭቆው ብታካፍሉት ለዕለት ተዕለት መጠጥ የሚከብድ አይደለም።

አንድ ምኞት ልጨምር። ከዓለም ከተማ አፋፍ ቆሜ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ባየሁ ቁጥር ባቱ ትዝ ይለኛል፤ እዚህም ፀሐይ አለ፣ ቆላ አለ፣ ወንዝ አለ። ወጣቶች፣ ጓሯችሁ ውስጥ ሁለት ሦስት የወይን ሐረግ ተክላችሁ ሞክሩልን! የመጀመሪያውን ፍሬ የሚለቅም ሰው ካለ ዶሮውን የምሠራው እኔ ነኝ።