ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው

የወረዳ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በዓመት ሁለት ጊዜ ጢም ብሎ ይሞላል። አንደኛው የፈተና ሰሞን ነው። ያኔ ተማሪው ደብተሩን ታቅፎ ይመጣል፤ የሚፈልገው ግን መጽሐፍ ሳይሆን ወንበርና ጠረጴዛ ነው። ሁለተኛው የዝግጅት ቀን ነው። ያኔ ደግሞ ወንበሩም ጠረጴዛውም ለእንግዶች ይሰጥና ተማሪው ደጅ ይቆማል።

ይህን ሁለተኛውን ቀን ያላየ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ባነር ይሰቀላል። «የንባብ ባህልን ለማዳበር የተዘጋጀ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» የሚል ተጽፎበታል። ከፊት ረድፍ ከሆቴል የመጡ ሶፋዎች ይደረደራሉ፤ በየሶፋው ፊት የታሸገ ውኃ ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል ተብሎ የክብር እንግዳው አምስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ከዚያ የመክፈቻ ንግግር፣ ጥናታዊ ጽሑፍ፣ ግጥም፣ ሻይ ቡና፣ የመዝጊያ ንግግር ይከተላል። የተማሪዎች ጥያቄና መልስ ውድድር ይኖርና አሸናፊው ደብተርና እስክሪፕቶ ይሸለማል። ፎቶ ይነሣል። በማግሥቱ ባነሩ ይወርዳል፤ በሩም ይዘጋል። ማግሥቱ ቅዳሜ ነዋ!

ዝግጅት አይኑር አልልም። ሰው በመጽሐፍ ስም ሲሰበሰብ ደስ ይላል፤ አንድ ልጅም ቢሆን በዚያ ቀን ግጥም ሰምቶ ልቡ ይነሣሣ ይሆናል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ዝግጅቱ የቤተ መጻሕፍቱን ሥራ ማድመቅ ሲገባው ሥራውን ተክቶ ቁጭ ብሏል። ሠርጉ በየዓመቱ ይደገሳል፤ ትዳር ግን የለም።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ ሪፖርት የሚባለው ነገር ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የከተማው ቤተ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ በባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሥር ነው። ጽሕፈት ቤቱ ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ «ምን ሠራችሁ?» ተብሎ ይጠየቃል። «ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሕፃናት ተረት ሰሙ» ብሎ መጻፍ ያሳፍራል። «አምስት መቶ የኅብረተሰብ ክፍሎች የተሳተፉበት መድረክ ተካሄደ» ማለት ግን ያምራል። እነዚያ አምስት መቶ ሰዎች በማግሥቱ አንድ ገጽ ያንብቡ አያንብቡ የሚጠይቅ ሠንጠረዥ የለም። እንቁጠር ከተባለ እኮ፣ አሥራ ሁለቱ ሕፃናት በዓመት አርባ ቅዳሜ ቢመጡ አራት መቶ ሰማንያ ይሆናል። ከአምስት መቶው የሚያንሰው በሃያ ብቻ ነው። ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው፤ እነዚህኞቹ ተመልሰው ይመጣሉ።

እስቲ ከዚያው ሰፈር ብዙም ሳንርቅ ወደ ሌላ ቤት እንሂድ። «ዲኤስቲቪ ቤት» ይሉታል፤ ወጣቱ ተሰብስቦ ኳስ የሚያይበት ነው። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ቆሟል። የቀኑ ጨዋታዎች ከነሰዓታቸው በጠመኔ ተጽፈዋል። ቅዳሜና እሑድ አግዳሚው መቀመጫ አጥቶ የሚቆመው ይበዛል። ባለቤቱ «የእግር ኳስ ባህልን ለማዳበር» ብሎ ባነር አልሰቀለም። የሠራው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ሰው እጁ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት ከፈተ፣ ምን እንደሚያሳይ አስቀድሞ ጻፈ፣ የጻፈውንም አሳየ።

አሁን ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱን በር እናንብብ። «ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት በኋላ 7፡30 እስከ 11፡30። ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው።» ይህ የቢሮ ሰዓት ነው። ተማሪው ክፍል ሲገባ ይከፈታል፤ ተማሪው ሲለቀቅ ሠራተኛዋ ወንበር መሰብሰብ ትጀምራለች። ባለሱቁ፣ መምህሩ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ገበያ ውላ የምትመለሰው እናት በዚህ ሰዓት ሊመጡ አይችሉም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ሁሉም እንዲህ ነው አልልም፤ ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ በሥራ ቀንም እስከ ማታ የሚከፍቱ አሉ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። የሚከፍቱት ከተቻላቸው ግን የማይከፍቱት ምን ነክቷቸው ነው?

ለመሆኑ ቀን ጠብቆ መሰብሰብ ለእኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? ዕድርተኛ ወሩን ጠብቆ ይገናኛል። ማኅበርተኛ ቀኑን አይስትም። ዕቁብተኛማ ዝናብም አያስቀረው። ለእነዚህ ሁሉ የጥሪ ወረቀት አይበተንም፤ አበል አይከፈልም፤ የክብር እንግዳም አይጠበቅም። እንዲያውም የቀረ ይቀጣል። በየትኛውም ትንሽ ከተማ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ በላይ ዕድሜ ያለው ዕድሩ ነው ብል የሚሟገተኝ ያለ አይመስለኝም። ያቆየውም የማይናወጥ ቀኑ ነው። ቤተ መጻሕፍታችን ከሴሚናር የተማረውን ያህል ከዕድር ቢማር ኖሮ የት በደረሰ!

በአንድ ወቅት አንዲት የወረዳ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛን «እትዬ፣ ለሕፃናት የተረት ሰዓት ለምን አትጀምሩም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ሳቅ አሉና «ወንድሜ፣ ጀምሬ ነበር እኮ» አሉኝ። በራሳቸው ቅዳሜ፣ ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው ያነቡላቸው ነበር። መጀመሪያ አራት ልጆች መጡ፤ ከዚያ ዘጠኝ፤ ከዚያ ምንጣፉ ጠበበ። በመጨረሻ «የመንግሥት ንብረት ያለበት ቤት ከሥራ ሰዓት ውጭ አይከፈትም» የሚል ትእዛዝ መጣና ቁልፉ ዓርብ ማታ ለንብረት ክፍል የሚመለስ ሆነ። «ለዓመታዊው ዝግጅት ጊዜ ግን እሑድም ወጥቷል» ሲሉ ጨመሩልኝ። ሴትየዋ አላማረሩም። እኔ ግን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ነገር አለ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ንብረት ማን እንደነበረ ንብረት ክፍሉ አላወቀም።

ሕንፃ ሠርቶ ኑሮውን መርሳት የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። በአሜሪካ በብረት ኢንዱስትሪ የከበረው አንድሩ ካርኔጊ በገንዘቡ 2,509 የቤተ መጻሕፍት ሕንፃዎች ተሠርተዋል። ከእነዚህ ውስጥ 1,679 የሚሆኑት እዚያው አሜሪካ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የተተከሉት በትናንሽ ከተሞች ነው። ሰውዬው ገንዘቡን ዝም ብሎ አልበተነም። ከተማው ቦታውን እንዲሰጥና ለሕንፃው ከተሰጠው ገንዘብ አንድ አሥረኛውን በየዓመቱ ለማስኬጃ እንዲመድብ ይጠይቅ ነበር። ለሕንፃው 10,000 ዶላር የተቀበለ ከተማ በየዓመቱ 1,000 ዶላር ሊያወጣ ቃል ይገባል ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ካርኔጊ ያቋቋመው ድርጅት አልቪን ጆንሰን የተባለ የምጣኔ ሀብት ምሁር ልኮ ወደ አንድ መቶ የሚጠጉ ቤተ መጻሕፍትን ሲያስጎበኝ፣ ምሁሩ ይዞት የተመለሰው ወሬ ደስ የሚል አልነበረም። ሕንፃው አለ፤ የሠለጠነ ባለሙያ ግን በብዙ ቦታ የለም። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ1917 ለአዲስ ሕንፃ ገንዘብ መስጠቱን አቆመ። ከመቶ ዓመት በፊት ሌላው ከፍሎ የተማረውን ትምህርት እኛ በነፃ ልንወስደው እንችል ነበር።

ከራሳችን ቤትም የምንማረው አናጣም። አባባ ተስፋዬ ሣህሉን አስታውሱ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖሩ። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ የሽበት ባለቤት የሆኑ ሰዎች እንደ ልጅ ያለቀሱላቸው ለምንድን ነው? መድረካቸው ሰፊ ስለነበር አይደለም። በየሳምንቱ ስለመጡ ነው። ሌላም ልጥቀስ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩ ባለሙያ ናቸው፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሐዋሳ ላይ በአህያ ጋሪ የሚዞር ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። አህያዋ መጽሐፉን ጭና ልጆቹ ወዳሉበት ትሄዳለች። ሪባን የለ፣ ሶፋ የለ። አህያ እንኳ ወደ አንባቢው ስትሄድ፣ በሩን ዘግቶ «ሕዝባችን አያነብም» የሚል ጽሕፈት ቤት ምን ይባላል?

ይህን ሁሉ የምለው ለወግ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ያውም በሚማሩበት ቋንቋ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። የዚህ ሁሉ ምክንያት የቤተ መጻሕፍት መዘጋት ነው አልልም፤ እንዲህ ካልኩ ሞኝ እባላለሁ። ነገር ግን በትንሽ ከተማ፣ ቤቱ ጠረጴዛ ለሌለው፣ ወላጁ ማንበብ ለማይችሉለት ልጅ ከትምህርት ቤት ውጭ ያለው ብቸኛ የንባብ ክፍል ይህ ነው። ይህ ክፍል ቅዳሜ ሲቆለፍ የሚቆለፍበት ልጅ በስም የሚታወቅ ልጅ ነው።

«በጀት የለም» የሚል ሰው እንደሚነሣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ የወረዳ በጀት ደሞዝ ከፍሎ የሚተርፈው ነገር ትንሽ ነው። ታዲያ ለሶፋው ኪራይ፣ ለባነሩ፣ ለድምፅ ማጉያው፣ ለምሳውና ለአበሉ የወጣው ከየት መጣ? ያንኑ ገንዘብ ለአንዲት ሠራተኛ የቅዳሜ ትርፍ ሰዓት ቢያደርጉት ስንት ቅዳሜ እንደሚከፍት ሒሳብ ክፍሉ ይንገረን። «ዘመኑ የስልክ ነው፤ ማን መጽሐፍ ያነባል?» የሚልም አለ። ስልክ መጽሐፍ መጫን ይችላል፤ አልክድም። ያልገባው ቃል ላይ ጣቱን አስቀምጦ «ይህ ምን ማለት ነው?» ለሚል የሰባት ዓመት ልጅ ግን አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል።

ሥራው ሩቅ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ለሕፃናት ያንብቡ። ከሰዓት በኋላ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን ያስጠኑ። ረቡዕ ከሥራ በኋላ ከከተማው ሐኪም፣ ከሕግ ባለሙያው፣ ከግብርና ባለሙያው አንዱ እየመጣ ሰው የጠየቀውን ይመልስ። ፎርም መሙላት የቸገራቸው እናት የሚያግዛቸው ልጅ ያግኙ። መጽሐፍ በዋስ ወደ ቤት ይውጣ፤ መደርደሪያ ላይ ከሚያረጅ በአንባቢ እጅ ቢያረጅ ይሻላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ሥራው በሠራተኛዋ ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ከተማው ይከፋፈለው። አምስት ሰው ቢመጣ አይናቅ፤ ዋናው ነገር ቀኑ አለመዝለሉ ነው።

ባለሥልጣኖቻችንም አይከፉ። መምጣት ከፈለጉ ይምጡ፤ ግን ልጅ ይዘው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ምንጣፉ ላይ። ባነሩም ይቅርብን። አንድ ጥቁር ሰሌዳና አንድ ጠመኔ ይበቃል። በሩ ላይ ቆሞ «ቅዳሜ፣ 3፡00 ሰዓት፣ ተረት» ይበል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ በሩ ክፍት ይሁን።