በሩን የዘጋው ሰውዬም ይዝፈን

እንግሊዛዊው ሬይ ዴቪስ ኪንክስ ከተባለው ባንዱ ጋር የሠራው «ፕሪዘርቬሽን» የሮክ አልበም ብቻ አይደለም፤ ገጸ ባሕርያት ያሉት፣ መድረክ ላይም የታየ ተውኔት ነው። ሁለቱም ክፍሎቹ የወጡት በእኛ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፍላሽ የሚባል አጭበርባሪ ሥልጣን ይዞ መንደሩን እያፈረሰ ይከብርበታል። ሚስተር ብላክ የሚባል ጨዋ ነኝ ባይ ደግሞ «ሕዝቡን አድናለሁ» ብሎ ጦር ያደራጃል፤ ያሸንፋል፤ አገሩንም ቀጥ አድርጎ ይገዛል። መንደሪቱ በአጥፊዋም በአዳኟም እጅ ታልቃለች። በዚያው ዓመት እኛ ቤት ምን ይደረግ እንደነበር ለአንባቢዬ አልነግርም።

ሥራው ይንዛዛል። በተለይ በሁለተኛው ክፍል በየዘፈኑ መካከል የሚነበበው ዜና ያሰለቻል። የምወድለት ግን አንድ ነገር አለ፦ አፍራሹ ፍላሽም ይዘፍናል። ያውም ጥሩ አድርጎ!

የእኛዎቹስ? እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው፣ በኋላም ተስፋዬ ለማ የመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በየአገሩ ለየብቻ ይሰሙ የነበሩ መሣሪያዎችን አንድ መድረክ ላይ አሰባሰበ። ውለታው ትልቅ ነው። ዳሩ ግን አዝማሪ ባለበት አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ይቀበላል፤ ሲያሻው መልሶ ይወጋዋል። መድረክ ፊት የተቀመጠው አድማጭ ግን ዝም አለ። ዜማው ተረፈ፣ ሙግቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ «ባህላችን» እየተባለ የሚወጣውን ክሊፕ እዩት፤ ሁሉም ነጭ ለብሶ ይስቃል። የሚያፈርስ ሰው የለበትም።

ለደብረ ታቦር ልጅ ይህ አይዋጥለትም። በቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ ልጆች መሬቱን በዱላ እየደቁ ሆያ ሆዬ ሲሉ መጀመሪያ ባለቤቱን ያሞግሳሉ፤ ከዘገየ ነካ ያደርጉታል፤ ሙልሙሉ ሲወጣ ይመርቃሉ። እኛ ልጆች ሳለን ግጥማችን የሚሳለው ባልተከፈተ ደጅ ላይ ነበር። የዘፈኑ እኩሌታ ያለው ከበሩ ወዲያ ነው። ዛሬ ሙልሙሉ በብር ተተክቷል፣ ምን ይደረግ፤ የሚያሳስበኝ እሱ አይደለም። ከብረት በር ጀርባ ድምፁን አጥፍቶ የሚቀመጠው ሰው ነው።

ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ የሮክ ጊታር የአማርኛ ዜማ መሸከም እንደሚችል አሳይቶናል። እንግዲህ ጊታር አልቸገረንም። አንድ ደፋር ደራሲ ያንን ሰውዬ መድረክ ላይ ያውጣልንና ለምን እንደማይከፍት ራሱ ይዝፈንልን። ማን ያውቃል፣ የፈራው ልጆቹን ሳይሆን ጎረቤቱን ይሆናል።