«ማርሊና እኔ» ስለ ተባለው መጽሐፍ ጥቂት ቃል

ውሻ በአማርኛ ተረትና ምሳሌ ውስጥ የታወቀ ፍጥረት ነው፤ የተከበረ ግን አይደለም። ጅብ ከሄደ በኋላ ጮኸ እየተባለ ይታማል፤ በበላበት ይጮኻል እየተባለ ደግሞ ይመሰገናል፤ ስሙ ለሰው ሲሰጥ ግን ስድብ ነው። ስለዚህ አንድ ደራሲ የአንድን ቡችላ አስተዳደግ መነሻ አድርጎ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ ቢባል፣ ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ ነገሩን እንደ ቅንጦት ይቆጥሩት ይሆናል። እኛ ግን የመጽሐፉ ቁም ነገር ከውሻው አልፎ፣ አንድን ነፍስ ወደ ቤቱ ያስገባ ሰው ያለበትን ኃላፊነት የሚነካ ሆኖ ስላገኘነው፣ ስለ መልካምነቱና ስለ ጉድለቱ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

መጽሐፉ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ሚስተር ጆን ግሮጋን የጻፉት «ማርሊና እኔ» ሲሆን፣ የታተመውም በፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ታሪኩ በሲኒማ ተሠርቶ ታይቷል። ደራሲውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ጄኒ በፍሎሪዳ ግዛት በዌስት ፓልም ቢች የሚኖሩ አዲስ ተጋቢዎች ሳሉ፣ ላብራዶር ከሚባለው የውሻ ዘር አንድ ቡችላ ገዝተው፣ ከጃማይካዊው ዘፋኝ ከቦብ ማርሊ ስም ወስደው ማርሊ አሉት። ዘፋኙ በ1978 ዓ.ም. አገራችንን የጎበኘ በመሆኑ ስሙ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም።

ቡችላው የተገዛበት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል። ወይዘሮ ጄኒ ከባላቸው በስጦታ ያገኙትን ተክል ውሃ አብዝተው በማጠጣት ስላደረቁት፣ ተክል ያላኖረ እጅ ልጅ ማሳደግ ይችል ይሆን የሚል ሥጋት አደረባቸው። እንግዲህ ማርሊ ወደዚያ ቤት የገባው ለወላጅነት መለማመጃ እንዲሆን ነው። የመጽሐፉ ጥሩው ክፍልም፣ ደካማው ክፍልም የሚመነጨው ከዚህ ነገር ይመስለናል።

የመጀመሪያው ዓመት ታሪክ እጅግ የሚያስቅ ነው። ቡችላው በጥቂት ወራት ውስጥ ገዝፎ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያኝክ፣ እንግዳ ሲመጣ ዘሎ የሚጠመጠም፣ በገመድ ሲይዙት ያዡን የሚጎትት ሆነ። ነጎድጓድ ሲሰማ በፍርሃት ያብድና የተዘጋበትን ክፍል ይቧጭራል። ወደ ውሻ ማሠልጠኛ ቢወስዱት፣ አስተማሪዋ ገና አልበሰለም ብለው አሰናበቱት። በሌላ ጊዜም ለወይዘሮ ጄኒ በልደታቸው ቀን የተሰጠውን የወርቅ ሐብል ውጦ፣ ባልየው ማንጎ እያበሉ ሐብሉ እስኪወጣ ድረስ ሲጠባበቁ እናያለን። ደራሲው የጋዜጣ ሰው ናቸውና ዐረፍተ ነገራቸው አጭርና ፈጣን ነው፤ ጥፋቱን ከቆጠሩ በኋላ ሳይዘገዩ ወደ ሌላው ይሻገራሉ።

ሆኖም መጽሐፉን ከተራ የጨዋታ መጽሐፍ የሚለየው ሣቁ የቆመበት ገጽ ነው። ወይዘሮ ጄኒ የመጀመሪያ ፅንሳቸው በሆዳቸው እንደ ሞተ ባወቁ ጊዜ፣ ከሐኪም ቤት ተመልሰው ውሻውን አቅፈው አለቀሱ። አንድ ደቂቃ አርፎ የማያውቀው ማርሊ እንደ ሐውልት ጸጥ ብሎ ቆመ፤ ሁልጊዜ ዕቃ እየመታ የሚጥለው ጅራቱም ወደ ታች ወርዶ ነበር። ደራሲው ስለ ውሻ ታማኝነት ብዙ ሳይሰብኩ ያዩትን ብቻ ጻፉ። ያን ሁሉ የዝላይና የጥፋት ታሪክ ስላነበብን፣ የአንድ ጅራት ጸጥታ ከብዙ ስብከት ይልቅ ልባችንን ይነካዋል።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንመለስ። የመጽሐፉ ንኡስ አርእስት ማርሊን ከዓለም ውሾች ሁሉ የከፋ ይለዋል። ይህ አባባል ለገበያ የሚስማማ ቢሆንም ፍርድ የጎደለው ነው። የላብራዶር ዘር ቀደምቶች በኒውፋውንድላንድ ደሴት ከዓሣ አጥማጆች ጋር በቀዝቃዛ ባሕር እየዋኙ የሚሠሩ ውሾች ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ብሪታንያ ተወስደው፣ አዳኝ የመታውን ወፍ ከውሃ አንሥተው የሚያመጡ ሆኑ፤ በ1903 ዓ.ም. በዚያው አገር ራሱን እንደ ቻለ ዘር ተመዘገቡ። ለዚህ ሥራ ሲመረጥ የኖረ ፍጥረት፣ ጌቶቹ ወደ ሥራ ሲሄዱ በጋራዥ ተዘግቶ ቢውል፣ የጋራዡን ግድግዳ ሥራው ቢያደርገው ምን ያስደንቃል? ደራሲው ይህን ፈጽመው አላዩትም አንልም፤ ነገር ግን ወደዚህ ጥያቄ በቀረቡ ቁጥር ቀልድ ያወጣቸዋል።

በዚህ ረገድ የጀርመኑን ደራሲ የቶማስ ማንን መጽሐፍ ማነጻጸር ይጠቅማል። እሳቸው በ1919 ዓ.ም. ባሳተሙት «ጌታና ውሻ» በተባለው ድርሰት፣ ባውሻን ከሚባለው ውሻቸው ጋር በሙኒክ አጠገብ በኢዛር ወንዝ ዳር ስለሚያደርጉት ሽርሽር ይተርካሉ። ባውሻን የአዳኝ ዘር ያለበት ነው፤ ጌታው ግን ከብዕር በቀር መሣሪያ የላቸውም። አንድ ቀን ውሻው እውነተኛ አዳኝ ዳክዬ ሲመታ አየና ከዚያ በኋላ ጌታውን እንደ መናቅ አደረገው። በዚያ መጽሐፍ ሰውም በውሻ ዓይን ይመዘናል። በሚስተር ግሮጋን መጽሐፍ ግን ከሳሹም ዳኛውም ሰው ነው፤ ውሻው ዘወትር ተከሳሽ፣ ዘወትርም በምሕረት የሚታለፍ ነው።

ነገሩን እንደ ቀላል የማናየው ስለ ምን ነው? የላብራዶር ዘር ከ1991 እስከ 2021 ዓ.ም. ድረስ በአሜሪካ የውሻ ዘር መዝገብ በቁጥር አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ዘመን በሣቅ የተነበበ መጽሐፍ፣ ቡችላ ለመግዛት ለሚያስብ ቤተሰብ ምክር ሆኖ መቆጠሩ አይቀርም። ተክል ቢደርቅ ሌላ ይተከላል፤ ልጅ ከተወለደ ለማንም አይመለስም። ውሻ በሁለቱ መካከል የቆመ ስለ መሰለ፣ ብዙዎች መሞከሪያ ያደርጉትና ሙከራው ሲከብድ ይጥሉታል። ለመለማመጃ የመጣ ነፍስም ቢሆን የሚኖረው አንድ ሕይወት ብቻ ነው።

ለሚስተር ግሮጋን የሚገባውን ምስጋና የምንሰጠውም በዚሁ ሚዛን ነው። ከማሠልጠኛ የተባረረውን ውሻ እንደ ገና አስተምረው፣ በሁለተኛው ጊዜ ከስምንት ውሾች ሰባተኛ ሆኖ እንዲመረቅ አድርገዋል። ወይዘሮ ጄኒ ሁለተኛ ልጃቸውን ወልደው በጭንቀት ሳሉ ውሻው ከቤት ይውጣ እስከ ማለት ደርሰው ነበር፤ እሱ ግን ሳይወጣ ቀረ። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ እስኪሞትም ድረስ ከቤተሰቡ ጋር ኖረ። አርእስቱ ውሻውን ሲሳደብ፣ የባለቤቶቹ ሥራ ግን ስድቡን ያስተባብላል። በእኛ አስተያየት የመጽሐፉ እውነተኛ ትምህርት ያለው በዚህ ነው።

የኛ ወጣት ደራስያን ከዚህ መጽሐፍ የሚማሩት አለ። ሌሊቱን ሙሉ በራችንን ሲጠብቅ የሚያድረውን ውሻ በተረት ከመጥራት አልፈው፣ ቀርበው ቢመለከቱትና ያዩትን ሳይጨምሩ ቢጽፉ፣ ስለ ውሻው ብቻ ሳይሆን በሩን ስለ ዘጋበት ሰውም ብዙ ሊነግሩን ይችላሉ።