ሰሙ የማይቀልጥ ቅኔ፦ በራፕ ግጥም የኅብረ ቃልና የስውር ጠቀሳ አፈታት

ተማሪዎቻችን የጥቁር አሜሪካውያንን የራፕ ግጥም ሲያነሡ ደጋግመው የሚሰነዝሩት አንድ አስተያየት አለ፤ «ይህማ የእኛው ሰምና ወርቅ ነው» ይላሉ። አስተያየቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ሆኖም ንጽጽሩ እስከ የት እንደሚዘልቅ ሳይመረመር ከተወሰደ ከማስረዳት ይልቅ ያሳስታል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ንጽጽሩ የሚሰምርበትንና የሚሰበርበትን ቦታ ነው። ጉዳዩ የክፍል ውስጥ ክርክር ብቻ እንዳይመስለን፤ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የሰው ነፃነት በአንድ ስንኝ ፍቺ ላይ የተንጠለጠለባቸው ጊዜያት ነበሩ።

ኅብረ ቃል በመጀመሪያ የጆሮ ጥበብ ነው። «ምን አለ» የሚለውን እንውሰድ። «ለ» ሲላላ «ምን ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ «ምን ይገኛል» ይሆናል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ጽሑፉ ሁለቱንም አቅፎ ይቀመጣል፤ የሚለያቸው ድምፅ ነው። በራፕ ግጥም ነገሩ ይገለበጣል፤ ጽሑፍ የሚለየውን ድምፅ ያገናኘዋል። በብዙ ጥቁር አሜሪካውያን አነጋገር በቃል መጨረሻ ያለው «ር» ስለሚዋጥ፣ በእንግሊዝኛ «አራት» እና «ጠላት» ማለት የሆኑት ሁለት ቃላት እኩል «ፎ» ተብለው ሊሰሙ ይችላሉ። እንግዲህ ግጥሙን ከድምፅ ወደ ወረቀት የሚገለብጥ ሰው ከሁለቱ አጻጻፍ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። በመረጠበት ቅጽበት ኅብሩ ሞተ። ስለዚህ በእጃችን የሚገባው የራፕ ግጥም ጽሑፍ ጥሬ ማስረጃ ሳይሆን ቀድሞውኑ የተተረጎመ ነገር ነው። ይህን የማያስተውል ሐያሲ የገልባጩን ምርጫ የገጣሚው ሐሳብ አድርጎ ይተነትናል።

ሁለተኛው ነጥብ ይበልጥ ከባድ ነው። «ባር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የወህኒ ቤት የብረት ፍርግርግ ነው፤ መጠጥ ቤት ነው፤ የወርቅ ጡብ ነው፤ በሙዚቃ ደግሞ የምት መስፈሪያ ነው። ከዚህ የመጨረሻው ፍቺ የተነሣ ራፐሮች አንዱን የግጥም ስንኝ «ባር» ይሉታል። አንድ ገጣሚ «ዕድሜዬን ያሳለፍሁት ከባር ኋላ ነው» አለ እንበል (ምሳሌው የእኔው ፈጠራ ነው)። ወርቁ የቱ ነው? እስር ቤቱ ወይስ ግጥሙ? በእኛ ሥርዓት ሰምና ወርቅ እኩያ አይደሉም። ስያሜው የመጣበትን የአንጥረኛ ሥራ እናስታውስ፤ በሰም የተቀረጸው ምስል በጭቃ ይለበጣል፣ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ይወጣል፣ በባዶው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ሰሙ የሚያልፍ፣ ወርቁ የሚቀር ነው። ከላይ ባቀረብሁት ዐይነት ስንኝ ግን የሚቀልጥ ነገር የለም። ያሠረው ብረትና ያስመለጠው ስንኝ አንድ ስም መያዛቸው ራሱ የግጥሙ ሐሳብ ነውና፤ አንዱን አውጥቶ «ምስጢሩ ይኸውና» ያለ ሰው ግጥሙን አልፈታውም፣ ከሁለት ከፈለው እንጂ።

ይህ ማለት በራፕ ውስጥ ለማያውቅ የተሰወረ ነገር የለም ማለት አይደለም። አለ፤ ያለው ግን በቃሉ ድምፅ ሳይሆን ከግጥሙ ውጭ ባለ ዕውቀት ውስጥ ነው። ከቅኔ ስልቶቻችን የሚቀርበው ውስጠ ወይራ ይመስለኛል። በእኤአ 1964 ገደማ በኒው ዮርክ ሐርለም ውስጥ የተነሣው «የአምስት ከመቶዎች» እንቅስቃሴ ለየቁጥሩ ፍቺ ሰጥቷል፤ አንድ ዕውቀት፣ ሁለት ጥበብ፣ ሦስት ማስተዋል፣ ሰባት አምላክ ነው። ራኪምና ብራንድ ኑቢያንን የመሰሉ ራፐሮች፣ እንዲሁም የው-ታንግ ክላን አባላት በዚህ ትምህርት የተቀረጹ ናቸው። ይህን ለማያውቅ «ሰባት» ቁጥር ብቻ ነው። ይህን ትናንት ለተማረ ደግሞ ሰባት ሁሉ አምላክ ይሆንበታል፤ የአውቶቡሱ ቁጥር ሳይቀር! ከእኤአ 2009 ጀምሮ በኢንተርኔት በተስፋፋው የ«ራፕ ጂኒየስ» የጋራ ማብራሪያ ውስጥ የሁለቱም ዐይነት አንባቢ ሥራ ጎን ለጎን ይታያል። ብዙ ጠቃሚ ነገር ተገኝቶበታል፤ ማብራሪያ የሌለው ስንኝ እንዳይቀር መትጋት ግን ሐያሲን ወደ ጠንቋይነት ያስጠጋል። እኔ የምከተለው ሚዛን ቀላል ነው፤ ጠቀሳ ተብሎ የተገመተው ቃል በዚያው ግጥም ውስጥ ዘመድ አለውን? ከትምህርቱ የወጡ ሌሎች ቃላት ካጀቡት ግምቱ ይጸናል፤ ብቻውን ከቆመ ግን የተገኘው ወርቅ የተርጓሚው የራሱ ንብረት ሊሆን ይችላል።

ሄንሪ ሉዊስ ጌትስ በእኤአ 1988 ባሳተሙት «ሲግኒፋይንግ መንኪ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የጥቁር አሜሪካውያንን የጦጣ ተረት የትርጓሜ ትምህርት አድርገው አንብበውታል። ጦጣ ለአንበሳ «ዝሆን ሰደበህ» ትለዋለች፤ የተነገረው በዘይቤ መሆኑ ያልገባው አንበሳ ዝሆንን ሊገጥም ሄዶ ተቀጥቅጦ ይመለሳል። የተጎዳው ቃሉን እንደ ወረደ በመውሰዱ ነው። እኒሁ ምሁር በእኤአ 1990 በፍሎሪዳ «ቱ ላይቭ ክሩ» የተባለው ቡድን በብልግና ተከስሶ በቀረበበት ችሎት ይህን ባህል ለዳኞች አስረድተዋል፤ ተከሳሾቹም በነፃ ተለቀዋል። ኪምበርሌ ክሬንሾ ግን በማግስቱ ዓመት ተቹት፤ ግጥሙ የቆየ የቃል ባህል አለው መባሉ በሴቶች ላይ ያለውን ንቀት እንደማያጥበው አመለከቱ። ተገቢ ትችት ነው። ዘይቤን ማወቅ ገጣሚን ከሒስ አያድንም።

ከእስር ግን ሊያድን ይገባ ነበር። በኒው ጀርሲ በግድያ ሙከራ የተከሰሰ አንድ ሰው የጻፋቸው የራፕ ግጥሞች በዐሥራ ሦስት ገጽ ተጠናቅረው ለዳኞች ተነበቡ፤ ብዙዎቹ የተጻፉት ድርጊቱ ከመፈጸሙ ከዓመታት በፊት ነበር። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በእኤአ 2014 ንባቡ ተገቢ እንዳልነበረ ወሰነ፤ ግጥሙ ከወንጀሉ ጋር ጠንካራና የተለየ ትስስር ከሌለው በማስረጃነት መቅረብ የለበትም አለ። የአንበሳው ስሕተት እዚህ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል፤ የግጥሙ «እኔ» ገጸ ባሕርይ መሆኑ ተረሳና ግጥሙ የእምነት ክህደት ቃል ሆነ። አንዳንዴም ተርጓሚ ሆኖ የሚቆመው የፖሊስ መኮንን ነው። «ኪ» የሚለው ድምፅ ቁልፍ ነው፣ የፒያኖ መርገጫ ነው፣ በመንደር ቋንቋ ደግሞ አንድ ኪሎ ኮኬይን ነው። ገጣሚው ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ሊያስተናግድ ይችላል፤ ክሱ የሚፈልገው ሦስተኛውን ብቻ ነው።

ካሊፎርኒያ በእኤአ 2022 ያወጣችው ሕግ ዳኛው እንዲህ ያለውን ማስረጃ ከመቀበሉ በፊት፣ ስለ ኪነ ጥበቡ ልማድ፣ ደንብና የአገላለጽ ስልት የሚቀርብለትን ታማኝ ምስክርነት እንዲያጤን ያዝዛል፤ ምርመራውም የሚካሄደው የሕዝብ ዳኞቹ በሌሉበት ነው። ከሕግ አውጪዎች ዘንድ በዚህ ግልጽነት የኅብረ ቃል ፈቺ ሲጠራ እኔ ሌላ ምሳሌ አላጋጠመኝም።