ስለ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» እና ስለ ባላገሩ ዘበኛ

ከአማርኛ ፊልሞች መካከል የተማረው ክፍል እንደ ተራ ነገር ቈጥሮ ያለፈው፣ ሕዝቡ ግን በየቤቱ እየደጋገመ ያየው አንድ ዓይነት አለ። ይኸውም በማሸጊያው ላይ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» የሚል ጽሑፍ የሚገኝበት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007 በሄኖክ አየለ አዘጋጅነት የወጣው «የወንዶች ጉዳይ» ከተወደደ ወዲህ ይኸው መንገድ አያሌ ተከታዮች አግኝቷል። ስለ ኃይሌ ገሪማ ሥራዎች ብዙ ተጽፏል፤ ስለነዚህ ግን «ያስቃል» ወይም «አያስቅም» ከማለት በቀር የተባለው ጥቂት ነው። በበኩሌ ጉዳዩ ከሳቅ ያለፈ መስሎ ስለታየኝ የሚከተለውን አስተያየት ለአንባቢዎች አቀርባለሁ።

ፊልሞቹ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ከታዩ በኋላ በቪሲዲ እየተቀዱ ወደየክፍለ ሀገሩ ይላኩ ነበር። ከነዚያ ሲኒማ ቤቶች አንዱ «ሴባስቶፖል» መባሉን ባሰብሁ ቍጥር ፈገግ እላለሁ፤ መድፉ የተሠራው እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሲሆን፣ ስሙ አዲስ አበባ ገብቶ የፊልም ማሳያ ሆነ፤ ፊልሙ ደግሞ በዲስክ ሆኖ ወደኛ ተመለሰ። በ19ኛው መቶ ዓመት የሲራራ ነጋዴ አሞሌውን በሚያራግፍበት በይፋግም ዲስኩ ከሌላው ሸቀጥ ጋር በአውቶቡስ ደረሰ፤ እንደ ይፋግ ባሉ ትንንሽ ከተሞችም ፊልም የታየው በሲኒማ አዳራሽ ሳይሆን በመኖሪያ ቤትና በቪዲዮ ቤት ነው።

አንድ ቪሲዲ የሚይዘው ከ74 ደቂቃ ብዙም ስለማያልፍ አንድ ሙሉ ፊልም ሁለት ዲስክ ይፈልጋል፤ ተመልካቹም በመካከሉ ተነሥቶ ዲስኩን ይለውጣል። ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ግን ብዙዎቹ ፊልሞች ሳቃቸውን በመጀመሪያው ዲስክ ላይ ጨርሰው ሁለተኛውን በለቅሶ፣ በሆስፒታልና በይቅርታ የሚሞሉ ናቸው። ቧልቱን እስከ ፍጻሜው ሊሸከም የቻለ ደራሲ ጥቂት ነው። ዛሬ የዲስኩ ገበያ ጠፍቶ ፊልሞቹ በየሰዉ ስልክ ላይ በዩቲዩብ ይታያሉ፤ የሁለቱ ዲስኮች ስፌት ግን ከታሪኩ ላይ አልጠፋም።

የገንዘብ ማነስን እንደ ነውር የሚያነሡ ተቺዎች አሉ። አንድ ሳሎን፣ አንድ የተከራዩት መኪና፣ ጥቂት ተዋንያን፣ ነፋስ የሚያንሿሿበት ድምፅ፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከዚህም ሌላ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ቢታወጅም ሕገ ወጡ ቅጂ ከዋናው ዲስክ እየቀደመ ገበያ ሲገባ አዘጋጁ ወጪውን ሳይመልስ የቀረበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ቢቸኵል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ቧልት ከጥንት ጀምሮ የሚኖረው በጨዋታ ነው፤ ጨዋታ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። እንግዲህ ጨዋታውን ለማን ሰጡት? ብሎ መጠየቅ የተገባ ይሆናል።

የሰጡት ለዘበኛውና ለቤት ሠራተኛዋ ነው። ባለ ጸጋው ቤት ደጃፍ ላይ ካፖርቱን ደርቦ የቆመው ሰው ከገጠር የመጣ ነው፤ «እንደምን ዋሉ እመቤቴ» ይላል። በዚህ ሰላምታ የሚያስቅ ነገር የለበትም፤ ካሜራው ግን ፊቱ ላይ ይቆያል፤ ሙዚቃውም «አሁን ሳቁ» ብሎ ያዛል። እንድንስቅ የተፈለገው በተናገረው ሳይሆን በአነጋገሩ ነው። አነጋገሩም ቢሆን የየትም አገር አይደለም፤ አንዱ ቃል ከጎጃም፣ አንዱ ከመንዝ፣ አንዱ ከጎንደር ተለቅሞ የተሰፋ ነው። የአገራችን ሰው ይህን ወዲያው ያውቀዋል።

የሚያሳዝነው ግን ይፋግም መሳቁ ነው። እናቱ ቤት በዚያው ቋንቋ የሚነጋገር ተማሪ፣ ዘበኛው «አያ» ባለ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ይስቃል፤ በማግስቱም ሽማግሌ ጎረቤቱን «አያ» ብሎ ጀምሮ መልሶ «ጋሼ» ሲል ሰምቼዋለሁ። መምህራን ይህን ሳይታዘቡ የቀሩ አይመስለኝም።

ፍቅረኞቹስ ምን ይናገራሉ? ያፈቅረኛል አያፈቅረኝም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አልችልም፤ ከዚያ በኋላ ዘፈን። ነገር በምሳሌ የሚያውቀው፣ ምክር የሚሰጠው፣ ሁለቱ የተጣሉ እንደሆነ የሚያስታርቀው ዘበኛው ነው። ደራሲው አንደበቱን ለአንዱ ሰው ሰጥቶ ፍቅሩን ለሌላው ሰጠ። ዘበኛው ማንን ይወዳል? ይህን የጠየቀ ፊልም አላየሁም፤ ጠየቀ ቢባል እንኳ የቤት ሠራተኛዋን በወጥ ቤት በር ሲያሽኰረምም አሳይቶ እንደገና ለማሳቅ ነው።

የፊልሞቹን በጎ ነገር መሸሸግ ግን ፍርድን ማጓደል ነው። በነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሴቲቱ «እምቢ» ትላለች፤ ትመርጣለች፤ የመረጠችውንም ልትተው ትችላለች። ሽማግሌ ተልኮ፣ አባት ቃል ሰጥቶ፣ ልጅቱ በመጨረሻ በምትሰማበት አገር ይህን ተቀምጦ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ዘበኛና የቤት ሠራተኛ በቧልት ውስጥ ሌላ ቦታ ሊኖራቸው እንደሚችል መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አሳይቶናል። «ያላቻ ጋብቻ» በተባለው ተውኔቱ፣ ተምሮ የተመለሰ የባላባት ልጅ ወደ ገጠር ሄዶ የቤት ሠራተኛውን ያገባል። የሚሳቅበትም የሠራተኛዋ አነጋገር ሳይሆን በጋብቻው የደነገጡት ዘመዶች የዘር ቈጠራ ነው። መንግሥቱ ቅኔ ያጠና ሰው በመሆኑ የባላገሩ ቃል ሰም ብቻ ሳይሆን ወርቅም እንዳለው ያውቅ ነበር። የእኛ ፊልም ሠሪዎች ሰሙን ወስደው ወርቁን ደጅ ጣሉት ብል ብዙ አልሳሳትም።

ወርቁ ያለበትንም ለመጠቈም ያህል፦ በጎንደርና በደብረ ታቦር አገር አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሠርግ ቤት በገባ ጊዜ ከእንግዶቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል። ግጥሙ ላይ ላዩን በሬው ስለ ጠፋበት ገበሬ ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ግን ማዶ ለተቀመጠችው ልጅ የተላከ ነው። አዝማሪው ገብቶታል፤ እናቲቱም ገብቷታል፤ አባትዮው ብቻ ስለ በሬው ያዝናል። ልጅቱ ደግሞ ወደ አክስቷ ጆሮ ጠጋ ትልና በአክስቷ አፍ መልስ ታሰጣለች፤ አዝማሪውም የሁለቱን ጕዳይ ሁሉ ፊት ያለ ኀፍረት ይዘፍነዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ዳስ፣ አንድ ማሲንቆ፣ ነፋሱን የሚከላከል ማይክሮፎንና አገርኛውን ሳይሰፉ የሚናገሩ ተዋንያን ናቸው። ደጃፍ ላይ ካፖርት ለብሶ ሲቆም የኖረው ያ ተዋናይ ግጥም ሰጪው ይሁን። ሁለተኛ ዲስክ የግድ ነው ከተባለም፣ አባትዮው የበሬውን ነገር የሚረዳው በዚያ ላይ ይሆናል።