ልጁ የት ይደር?

የመስቀል ሰሞን አገና ነበርኩ። መቼም መስቀል ለጉራጌ ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም። ሱቁን ዘግቶ፣ ልጆቹን ጭኖ ከወልቂጤ ወዲያ ያለውን መንገድ የሚያጨናንቀው ሕዝብ ለክትፎ ብቻ ብሎ አይደለም የሚሄደው። ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ ጉዳይ አለ፤ የተጣላ ይታረቃል፣ የሚዳር ልጅ ይወራል፣ መዋጮ ይሰበሰባል። ዘንድሮ በእኛ ቤት የተነሣው የእህቴ ልጅ ጉዳይ ነበር።

ልጅቷ አምና የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ነበር። ምደባው ሩቅ ሆነና አባቷ "መንገዱ ሰላም ሲሆን ትሄዳለች" ብሎ አስቀራት። ዓመት ቁጭ አለች። አሁን አዲስ አበባ አንድ የግል ኮሌጅ ተመዝግባለች። ክትፎው ቀርቦ፣ ምርቃቱ ካለቀ በኋላ አባትየው ጉሮሮውን ጠረገና፣ "የትምህርቱን እኔ እችላለሁ። የት ትደር? አዲስ አበባን የምታውቁት እናንተ ናችሁ" አለ።

ዝም።

አሥራ ሁለት ያህል የአዲስ አበባ ሰዎች ነበርን። ባለ ፎቅ አለ፣ ኮንዶሚኒየሙን ያከራየ አለ። ሁላችንም ጣባችንን ትኩር ብለን ማየት ጀመርን። ትንሽ ቆይቶ አንዱ፣ "ዘንድሮ አይቡ እንዴት ጥሩ ወጥቷል!" አለ። እኔም "እውነት ነው" አልኩ።

በዚያው ቀን ጠዋት ለተጨማሪ መማሪያ ክፍል መሥሪያ አዋጡ ስንባል ግን እጃችን ፈጥኖ ነበር ኪሳችን የገባው። ይሄ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩት ጉራጌዎች ተዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት ያቋቋሙት መንግሥትን ሳይጠብቁ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣነውም ግድግዳና ቆርቆሮ ላይ አንታማም። ግድግዳ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ስም ይጻፍበታል። የተማሪ ፍራሽ ላይ ማን ስሙን ይጽፋል?

እኔ ራሴ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አገና ቤት ተከራይቼ ነው የተማርኩት። አንድ ክፍል ለሦስት፤ ኪራዩ በወር 15 ብር፣ ለነፍስ ወከፍ 5 ብር። ዓርብ ከሰዓት በእግራችን ወደ ገጠር እንሄዳለን፤ እሑድ ማታ ቆጮ፣ ጎመንና ቆሎ ተሸክመን እንመለሳለን። ሐሙስ ላይ ስንቁ ያልቃል። ሐሙስ የምትባለውን ቀን እስከ ዛሬ አልወዳትም። አከራያችን አንዲት ባልቴት ነበሩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መብራቱን ያጠፉብናል፤ ኩራዝ ብንለኩስ "ቤቴን ልታነዱት ነው!" ብለው ሰፈሩን ይቀሰቅሳሉ። ሐሙስ ማታ ግን በልጃቸው እጅ አንድ ሳህን ጎመን ይልኩልናል። በማግስቱ ስናመሰግናቸው "የምን ጎመን?" ይሉ ነበር።

ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። ከየገጠር ቀበሌው ሁለተኛ ደረጃ ለመማር አገና የሚመጣው ልጅ ሦስት አራት ሆኖ ይከራያል። የ15 ዓመት ልጅ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ያበስላል፣ ከአከራይ ጋር ይደራደራል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቤት ፍለጋ ስለሚንከራተት ተማሪ ስናወራ፣ የአገና ልጅ ፍለጋውን የጀመረው ዘጠነኛ ክፍል መሆኑን እንረሳለን። የእህቴ ልጅ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ነበር የተከራየችው። አሥረኛ ክፍል ላይ አንዷ ቤተሰቦቿ ሲቀይሩ አብራ ሄደች፤ ኪራዩ ለሁለት ከበደ፤ በዚያ ላይ አከራዩ ጨመረ። የሁለተኛዋ አባት "ሴት ልጅ እንዲህ ሜዳ ላይ አልጥልም" ብሎ ወሰዳት፤ እዚያው ገጠር ተዳረች። ከሦስታችን በሒሳብ ጎበዟ እሷ ነበረች አለችኝ የእህቴ ልጅ። መዝገቡ ላይ "አቋረጠች" ነው የሚለው፤ ስለ ቤት ኪራዩ የተጻፈ የለም።

ለሴት ልጆች ማደሪያ ቢሠራስ ብዬ ለመዋጮ ሰብሳቢዎቹ ባነሣ፣ "ማን ይጠብቃቸዋል?" አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አሁንስ ማን ነው የሚጠብቃቸው?

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ቢያንስ አልጋ አለው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በወጪ መጋራት የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ተመርቆ ይከፍላል፤ በዕዳም ቢሆን ያድራል ማለት ነው። ግን ወደዚያ አልጋ የሚያስገባው በር ጠቧል፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲነገር ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ጉብሬ ላይ ሲከፈት "እንግዲህ ልጆቻችን ከቤታቸው እየተመላለሱ ይማራሉ" ብለን ነበር። ምደባ እንዳለ ረሳን። የአገና ልጅ ሌላ ጫፍ ይሄዳል፣ የሌላ ጫፍ ልጅ ጉብሬ ይመጣል።

ለማንኛውም አዲስ አበባ ስመለስ ልጅቷን ይዤ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። (ለምን እኔ ቤት እንዳልገባች ቆይቼ እናገራለሁ።) ደላላው መጀመሪያ፣ "ላጤ ናት ባለትዳር?" አለኝ።

"ተማሪ ናት።"

"እሱማ ከላጤም ይብሳል!"

የመጀመሪያው ቤት 6 ሺህ ብር፤ በሩ ሲከፈት አልጋው ጋ ይጋጫል። ሁለተኛው አከራይ ስቶቭ አይቻልም፣ እንግዳ አይቻልም፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ መግባት አይቻልም አሉ። "ታዲያ ምን ይቻላል?" ብላቸው፣ "መተኛት" አሉኝ። ሦስተኛዋ ሴትዮ የ6 ወር ቅድሚያ ጠየቁኝ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ከ2 ዓመት አያንስም እንደሚል አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና፣ "ወንድሜ፣ እንግዲያስ አዋጁ ያከራይህ" አሉ።

በሴትዮዋ አልፈርድም። ተማሪ ሰኔ ላይ ወጥቶ ክረምቱን ክፍሉ ባዶ ይከርማል፤ አንዳንዱም የመብራት ዕዳ ጥሎ ይጠፋል። ሕጉ አከራይ ተከራዩን እንደ ልቡ እንዳያስወጣ ከልክሏል፤ ደግ ነው። እንደኔ እንደኔ ግን ማስወጣት የከበደው አከራይ ሲያስገባ መራጭ ይሆናል፣ ከምርጫው መጨረሻ የሚገኘው ደግሞ ተማሪ ነው።

ድሮ የአገር ልጅ ቀን ሊስትሮ ሠርቶ፣ ማታ ተምሮ የዘመድ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ያድር ነበር። እኔም መጀመሪያ አዲስ አበባ ስገባ ያደርኩት ሰባተኛ አካባቢ አክስቴ ቤት ነው። ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ቀበሌ የያዛት አንዲት ክፍል ነበረች። አምስት ሆነን መሬት ላይ ተደርድረን ነው የምንተኛው፤ ለሽንት የተነሣ የሰው እግር ሳይረግጥ አይወጣም። ኋላ ሰፈሩ ሲፈርስ አክስቴ ኮንዶሚኒየም ገባች። ደህና ቤት ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ ነው። ሴራሚክ ላይ ማን ፍራሽ ይዘረጋል? ቤታችን በሰፋ ቁጥር ማደሪያ ጠፋ።

ሦስተኛዋ ሴትዮ ስንወጣ በር ላይ፣ "አጎቷ ነህ አይደል? ለምን አንተ ዘንድ አትቀመጥም?" አሉኝ። "ትምህርት ቤቱ ይርቃታል" አልኩ። ልጅቷ አቀርቅራ ነበር። ከእኔ ቤት እስከ ኮሌጁ ሁለት ታክሲ ነው፤ እሷም ታውቃለች።

ግቢዬ ውስጥ አንድ ሰርቪስ ክፍል አለኝ። ውስጡ እግሩ የተሰበረ ሶፋ፣ የልጆቼ ብስክሌት፣ ከግንባታ የተረፈ ሴራሚክና ሁለት የማይሠሩ ቴሌቪዥኖች አሉ። "አንድ ቀን ያስፈልጋሉ" ብዬ ዓመታት አስቀምጫቸዋለሁ። ያን ማታ ለባለቤቴ ጉዳዩን ሳነሣላት፣ "ከመስቀል ጀምሮ እስክትናገር እየጠበቅኩህ ነው" አለችኝ። "ቴሌቪዥኖቹን ግን የት ልታደርጋቸው ነው?"

ቴሌቪዥኖቹ አሁን ሳሎን ናቸው። የእህቴ ልጅ ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ትናንት እራት ላይ፣ ከቡታጅራ የመጣች የክፍሏ ልጅ እንዳለች፣ ቤት አጥታ በየጓደኛዋ ቤት እንደምታድር አወራችልን። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ጋሼ፣ ክፍሏ እኮ ሁለት ፍራሽ ትችላለች" አለች።

ወጡ ጥሩ ወጥቷል ልል ነበር። እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም።