ቀዳዳውን እያለፈ የሚጻፍ ቃል

በብራና የተጻፈ ዳዊት ሲከፈት የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፈው በጌጡ፣ በሐረጉ ላይ ነው፤ ከሐረጉ ቀጥሎ ደግሞ በቀይ ቀለም የተጻፉት ስሞች ላይ። እኔ አስቀድሜ የምፈልገው ቀዳዳውን ነው። ቀዳዳ የሌለበት የብራና መጽሐፍ እምብዛም አይገኝም። አንዳንዱ የመርፌ ጫፍ ብቻ ያሳልፋል፤ አንዳንዱ አውራ ጣት ያስገባል። ጠርዙ ለስላሳ፣ ቅርጹ ሞላላ ነው። ቁም ጸሐፊው እዚያ ቦታ ሲደርስ ምን እንዳደረገ ማየት ስለ ሙያው ከሐረጉ ይልቅ ብዙ ይነግረኛል። ስለ እምነቴም ቢሆን ከብዙ ስብከት ያላገኘሁትን እዚያ አግኝቻለሁ።

ቀዳዳው የጸሐፊው ጥፋት አይደለም። ፍየሏ በሕይወት ሳለች መዥገር ነክሷታል፣ እሾህ ቧጥጧታል፣ ወይም ቆዳዋ ሲገፈፍ ቢላዋው አዳልጧል። ቁስሉ በእርጥቡ ቆዳ ላይ ከነቁጥ አይበልጥም፤ ብራና ፋቂውም ላያየው ይችላል። የሚገልጠው ውጥረቱ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የብራና ሥራ ምስጢሩ ያለው ውጥረቱ ላይ ነውና። ቆዳው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይሰነብታል። ከዚያ ዙሪያውን እየተበሳ በገመድ ከእንጨት መወጠሪያ ጋር ይታሰራል። ፋቂው በሥጋው ወገን የቀረውን ስብና ሥጋ በስለት ይፍቃል፣ ውሃ ያርከፈክፋል፣ ቀዳዳ በበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያሻል፣ ገመዱን መልሶ ያጠብቃል፣ እንደገና ይፍቃል። ሲደርቅ በሌላው ወገን ያለው ጠጉር ይላጫል። የአውሮፓ ብራና ሠሪዎች ቆዳውን በኖራ ውሃ ይነክሩ ነበር፤ በእኛ አገር በተለመደው አሠራር ግን ኖራ የለም። ያለው ውሃ፣ ስለትና ውጥረት ብቻ ነው። ቆዳው ተወጥሮ ሲደርቅ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክሮች በውጥረቱ አቅጣጫ ይተኛሉ፤ ገጹ ይነጣል፣ ይጠነክራል፣ ቀለም ይቀበላል። ያው ቆዳ ሳይወጠር ቢደርቅ ቁርበት ይሆናል፤ ይተኙበታል እንጂ አይጽፉበትም። አባቶች ሥጋን በጾምና በስግደት ስለ መግራት ሲያስተምሩ ምን ማለታቸው እንደ ሆነ የገባኝ በብራናና በቁርበት መካከል ያለውን ይህን ልዩነት ካወቅሁ በኋላ ነው። ገመዱ የሚጎትተው ቆዳው ቃል እንዲሸከም ነው።

ታዲያ ያ ነቁጥ በውጥረቱ ይከፈታል፤ ከየአቅጣጫው ስለሚሳብም ክብ ወይም ሞላላ ቀዳዳ ይሆናል። ፋቂው ቆዳው ሳይደርቅ ከደረሰበት በጅማት ወይም በክር ይሰፋዋል፤ ስፌቱ ከቆዳው ጋር አብሮ ይደርቅና ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ካልደረሰበት፣ ወይም ቢሰፋ ይብስበታል ብሎ ከተወው፣ ቀዳዳው እንደ ተከፈተ ለጸሐፊው ይደርሳል። ጸሐፊውም ስለ አንድ ቀዳዳ ብሎ ቆዳውን አይጥልም። አንድ ፍየል ሞታለች፤ የስንት ቀን ልፋት አልፎበታል።

አሁን እፊቴ ያለው ዳዊት በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ መጽሐፍ ነው። በማኅደር ሆኖ ትከሻ ላይ ሲንጠለጠል የኖረ፣ የታችኛው ጠርዙ በጣት ወዝ የጠቆረ የዕለት ጸሎት መጽሐፍ። በዳዊት አጻጻፍ እያንዳንዱ ስንኝ የራሱ መስመር አለው። ረጅም ስንኝ ሲመጣ ጸሐፊው ወደሚቀጥለው መስመር አይሻገርም፤ ፊደሉን እያሳነሰና እያቀራረበ እዚያው ያስገባዋል፤ አልበቃ ሲለው ትርፉን ከመስመሩ በላይ ወይም በታች ይሰቅለዋል። ቀዳዳው ያለው እንዲህ ቦታ በጠበበበት ገጽ መካከል ነው።

«እግዚአብሔር» የሚለው ስም ቀዳዳው ላይ ውሏል። ጸሐፊው በቀዩ ቀለም «እግዚአ» ብሎ እስከ ቀዳዳው አፋፍ ደረሰ፤ ብዕሩን አነሣ፤ ከማዶ «ብሔር» ብሎ ቀጠለ። በ«አ» ቀኝ እግርና በቀዳዳው ጠርዝ መካከል የቀረው ስፍራ የአንድ ክር ውፍረት ያህል ነው፤ በማዶው ያለው የ«ብ» ግራ እግርም እንዲሁ ተጠግቶ ቆሟል። ፊደሎቹ አላነሱም፣ አልተጣመሙም። የመቃ ብዕር ጫፍ ጠርዝ ሲነካ ይሰነካከላል፣ ቀለሙም ወደ ቀዳዳው ግድግዳ ይሳባል፤ እዚህ ግን አንድም ጠብታ አላመለጠም። በቀዳዳው ውስጥ ደግሞ ከሥሩ ካለው ቅጠል አንድ ፊደል ብቅ ብሎ ይታያል። ጀማሪ ያን ፊደል ከስሙ ጋር ቀላቅሎ ሊያነበው ይችላል። ዳዊት የለመደ ሰው ግን ድምፁ ሳይሰበር ያልፋል።

ከትንሣኤ ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ በዳግም ትንሣኤ፣ የቶማስ ነገር ይነበባል። ሞትን ድል ያደረገው ሥጋ የችንካሩ ምልክት አልጠፋለትም፤ ጎኑም ጦሩ የገባበትን ስፍራ እንደ ያዘ ነበር። ይህ ለረጅም ጊዜ ሲያስጨንቀኝ ኖሯል። በተዘጋ ደጅ የሚገባ ሥጋ ቁስሉን ያልዘጋው ለምንድን ነው? ብራናው ሙሉውን መልስ ይሰጣል አልልም። ቁስልና ፍጹምነት በአንድ ገጽ ላይ መኖር እንደሚችሉ ግን በዓይን ያሳያል። የፍየሏ ቁስል አልተደበቀም፤ በቀለም አልተሸፈነም። መጽሐፉም በእርሱ ምክንያት ጎደሎ አልሆነም፤ 151ዱም መዝሙር አለ፤ አንድ ፊደል አልቀረም። ጸሐፊው ቁስሉን ከገጹ ነገሮች እንደ አንዱ ቆጥሮ ስፍራ ሰጠው፤ ቅዱሱን ስምም በግራና በቀኙ አቆመ። ቶማስ እጁን እንዲያገባ የተጠራውም ወደ እንዲህ ያለ ስፍራ ነበር።

ከፍጥረትና ከዕቃ ትምህርት ማውጣት ለሊቃውንቶቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ምስጢረ ሥላሴን ሲያስተምሩ ፀሐይን ያነሣሉ፤ ክበቡን ለአብ፣ ብርሃኑን ለወልድ፣ ሙቀቱን ለመንፈስ ቅዱስ ይመስላሉ። ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ መቋሚያው ሁሉ ትርጓሜ አላቸው። ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍም ከአንበሳ እስከ ጉንዳን ያሉትን ፍጥረታት እየጠራ የክርስቶስንና የምእመናንን ነገር ያስተምራል። ፊሳልጎስን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን አንበሳዋ ደቦሏን ሙት ወልዳ በ3ኛው ቀን አባቱ እፍ ሲልበት ይነሣል የሚለው ላይ ስደርስ ልቤ ወደ ኋላ ይላል። ትምህርቱ እውነት ነው፤ አንበሳ ግን እንዲህ አይወልድም። ልቤን የሚያሳርፈው ዕቃው ራሱ የሚመሰክርለት ምሳሌ ነው። ፀሐይ በእርግጥ ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት አላት። ይህች ፍየልም በእርግጥ ቆስላለች።

ስለዚህ ምሳሌ ፍለጋ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሥራውን አጥብቆ እንዲያይ እመኛለሁ። ለምሳሌ መስመሩን። ብዙ ሰው በብራና ላይ መስመር ያለ አይመስለውም። ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት የገጹን ዳርና ዳር በወስፌ ይነቁጣል፤ ከነቁጥ እስከ ነቁጥም ጫፉ ባልሰላ ብረት ይሰምራል። ቀለም አይነካውም፤ ቆዳው ላይ የተጫነ ቦይ ብቻ ነው። ብርሃን ፊት ለፊት ሲያርፍበት አይታይም፤ ገጹን ወደ መስኮት ዘንበል ሲያደርጉት ግን ከዳር እስከ ዳር በቦይ ተሞልቶ ይገኛል። ፊደሎቹ ለምን እንዲህ ቀጥ ብለው እንደ ቆሙ ያን ጊዜ ይገባል። ያሳደጉኝ ሰዎች ሌሊት ተነሥተው የሚጸልዩት ጸሎት እንዲህ ነበር። ማናችንም አላየነውም፤ ሁላችንም በእርሱ ላይ ቆምን።

የቅጠሉ ሁለት ፊትም አንድ አይደለም። በጠጉሩ ወገን ቢጫነት አለው፤ ጠጉሩ የበቀለባቸው ነቁጦች ይታያሉ። በሥጋው ወገን ይነጣል። ጠንቃቃ ባለሙያ ቅጠሎቹን ሲደራርብ መጽሐፉ በተከፈተ ቁጥር ነጩ ከነጩ፣ ቢጫው ከቢጫው ፊት ለፊት እንዲገጥም ያደርጋል። ይህን አድርግልኝ ብሎ የሚጠይቀው አንባቢ የለም።

ቀለሙ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጥቁሩ በዋነኛነት ከጥቀርሻ ይዘጋጃል፤ ከተቆላ እህልና ከሌላም ጋር ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ ለወራት ይቀመጣል። ከማድ ቤት ግድግዳ የሚጠረገው ጥላሸት ነው የመዝሙሩን ቃል ተሸክሞ የሚኖረው። የብራና ዕድሜም ያስገርማል። ከዓድዋ አጠገብ ባለው የአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ብራናቸው በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል፤ ዛሬም ይነበባሉ።

ጸሐፊም ይሳሳታል። ስሕተቱን የሚያጠፋው በቢላዋ ጫፍ ነው። ቀለሙን ብቻ ማንሣት አይቻልም፤ ቀለሙ የገባበትን ስስ የቆዳ ልባስ አብሮ መፋቅ ግድ ይላል። ስለዚህ የታረመ ቦታ ይሳሳል፤ በጣት ሲዳስሱት ይሻክራል፤ ወደ ብርሃን ሲይዙት ከዙሪያው ይልቅ ብርሃን ያሳልፋል። አዲሱ ፊደል እዚያ ላይ ሲጻፍ ጠርዙ ትንሽ ይፈሳል። ይህን ዳዊት ሳገላብጥ እንዲህ ያሉትን ቦታዎች ዓይኔ ሳያያቸው ጣቴ ያገኛቸዋል።

አበው ስለ አዳም የዕዳ ደብዳቤ ያስተምራሉ። ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን የባርነት ደብዳቤ አጽፎ አንዱን በዮርዳኖስ፣ ሁለተኛውን በሲኦል አኖረ፤ ጌታም የመጀመሪያውን በተጠመቀ ጊዜ፣ ሁለተኛውን ወደ ሲኦል በወረደ ጊዜ ደመሰሰ። ጥምቀት በመጣ ቁጥር የምንሰማው ትምህርት ነው። በትውፊቱ ደብዳቤው በድንጋይ ላይ ተቀርጿል፤ እኔ ግን መደምሰስ ምን ያህል ሥራ እንደ ሆነ የተማርሁት ከብራናው ነው። የሚደመስስ እጅ ከሚጽፍ እጅ ይልቅ መጠንቀቅ አለበት። ትንሽ ቢያበዛ ገጹን ይበሳዋል፤ ቢያሳንስ የቀድሞው ፊደል ከአዲሱ ሥር ጥላው ይቀራል። ይቅርታን ቀላል አድርገን ስንናገር፣ በአንድ ቃል የሚያልቅ ሲመስለን፣ ይህ የሳሳ ቦታ ትዝ ይለኛል። የተጻፈበትን ሳይነኩ የተጻፈውን ማንሣት አይቻልም፤ ክርስቶስም ዕዳችንን ያነሣው ሥጋችንን ለብሶ ነው።

ጥራዙን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። በብራና መጽሐፍ ውስጥ ለብቻው የቆመ ቅጠል ጥቂት ነው። አንድ ቁራጭ ብራና መሐሉ ላይ ታጥፎ ሁለት ቅጠል ይሆናል። እንዲህ የታጠፉ ብዙውን ጊዜ 4 ወይም 5 ብራናዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ገብተው አንድ ጥራዝ ይሠራሉ፤ ክሩ በእጥፋታቸው በኩል እየወጣና እየገባ ጥራዝን ከጥራዝ፣ ጥራዞቹንም ከእንጨት ገበታው ጋር ያያይዛል። ጥራዞቹን እርስ በርስ የያዛቸው ሙጫ አይደለም። ስለዚህ በጥራዙ መጀመሪያ ያለው ቅጠል ከጥራዙ የመጨረሻ ቅጠል ጋር አንድ ቆዳ ነው። በመካከላቸው ስንት መዝሙር አለ፤ አንዱ በልቅሶ፣ አንዱ በእልልታ ይሆናል፤ ሁለቱ ቅጠሎች ግን የአንዲት ፍየል ቆዳ ናቸው። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ አንድ አካል ብልቶች፣ አንዱ ሲታመም ሌላው አብሮ እንደሚታመም ያስተማረው እዚህ በእጅ ይዳሰሳል።

ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። ሥዕል ያለበት፣ ወይም ፊደሉ ያማረ ቅጠል ከመጽሐፉ እየተቆረጠ፣ በመስታወት እየተከፈፈ ለጌጥ ይሸጣል። ሻጩም ገዢውም የወጣው አንድ ቅጠል ብቻ ይመስላቸዋል። ቢላዋው በእጥፋቱ ሥር ሲያልፍ ግን የዚያው ቆዳ ሌላኛው ግማሽ የያዘውን ክር ያጣል፤ ጥራዙ ይላላል፤ ቀጥሎ ከመጽሐፉ የሚወድቀው እርሱ ነው። እንዲህ ያለ ገጽ ሊገዛ እጁን ወደ ኪሱ የሚሰድ ክርስቲያን ካለ፣ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ሻጩን አንድ ነገር እንዲጠይቅልኝ እለምነዋለሁ፤ የዚህ ቅጠል ሌላኛው ግማሽ የት ቀረ?